የተፋቀ ስም የት ይሄዳል?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከተማሪ ሁሌም የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ትክክለኛው ታሪክ የቱ ነው?» እኔም መልሼ «ስንቱን አንብበሃል?» እላለሁ። ምክንያቱም የንጉሡ ዜና መዋዕል ሦስት ነው። የደብተራ ዘነብ አለ፤ ንጉሡ ገና በዙፋን ላይ ሳሉ የሚያበቃ፣ አድናቆት የበዛበት። የአለቃ ወልደ ማርያም አለ፤ ንጉሡ ካለፉ በኋላ የተጻፈ፣ ጭካኔያቸውንም የማይሸፋፍን። ሦስተኛው ደግሞ ጸሐፊው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው ታሪክ መማር የምትጀምሩት። የት ይገናኛሉ? የት ይለያያሉ? ይህኛው የጻፈውን ያኛው ለምን ዘለለው?

አሁን ወደ ብራናው እንምጣ። የድሮ ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ፍቆ በላዩ ይጽፋል። ቃል ዘሎ ከሆነ ከመስመሩ በላይ አነስ አድርጎ ያስገባል። መጽሐፉ ባለቤት ሲቀይርም አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። በየገዳማቱ እንዲህ ያለ የተፋቀ ስም ብዙ ነው። ፍቀቱ ይታያል፤ ማን እንደፋቀው፣ መቼ እንደፋቀው፣ ለምን እንደፋቀው ግን አይታይም።

የአንድምታ መምህራን ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራቸው። አንዱን ትርጉም ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ ሦስተኛም ካለ እንደገና «አንድም» ይላሉ። አዲሱ ትርጓሜ አሮጌውን አይፍቀውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ዊኪ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ!

ዊኪ ማንም አንባቢ ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፈተው፤ ስሙን ያገኘው በሃዋይ የሆኖሉሉ አየር ማረፊያ ከሚመላለሰው «ዊኪ ዊኪ» ከሚባለው አውቶቡስ ነው፤ በሃዋይኛ «ፈጣን ፈጣን» ማለት ነው። ሁሉም ሰው የሚጽፍበት ነገር ሁሉም ሰው ሊያበላሸውም ይችላል። ስለዚህ የዊኪ ጉልበት ያለው የቀድሞውን ገጽ ጠብቆ በማቆየት ላይ ነው። ዊኪፔዲያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምር የተጠቀመበት ሶፍትዌር የቆዩ እርማቶችን ከጊዜ በኋላ ይጥል ነበር። የራሱ የመጀመሪያ ወራት ታሪክ ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቲም ስታርሊንግ የተባለው ባለሙያ በአሮጌ ቅጂዎች ውስጥ አገኘው። የዓለም ትልቁ መዝገብ የራሱን ልደት ሊያጣ ነበር ማለት ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህ ችግር ቀድሞ ገጥሟቸው ነበር። መፍትሔያቸው «ቨርዥን ኮንትሮል» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የስሪት መዝገብ ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ትዊኪ የተባለው ዊኪ አር.ሲ.ኤስ. በሚባል የስሪት መዝገብ ላይ ተሠራ። አር.ሲ.ኤስ. አዲሱን ጽሑፍ ሙሉውን ያስቀምጣል፤ አሮጌውን ስትፈልጉ ልዩነቱን እየቆጠረ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን ሠራ፤ ኢኪዊኪን የመሳሰሉ ዊኪዎችም ገጾቻቸውን በጊት ማስቀመጥ ጀመሩ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? አራት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ሁለት ስሪቶችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የተጨመረውንና የወጣውን ያሳያችኋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈውና መቼ እንደጻፈው ይነግራችኋል፤ ለምን እንደቀየረውም አራሚው አጭር ማስታወሻ ይተዋል። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ገጽ ለየብቻ ቢያርሙት ሁለቱን ያዋህዳል፤ አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ከቀየሩት ግን ራሱ አይፈርድም፤ «እናንተው ተስማሙ» ብሎ ይቆማል። አራተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፦ በጊት እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ታሪኩን ይይዛል። ዊኪፔዲያ ታሪኩን የሚያስቀምጠው በማዕከል ባለ ዳታቤዝ ነው፤ በጊት የተሠራ ዊኪ ግን በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ከነሥሩ ይቀመጣል።

ይህ ለምን ትልቁ ሆነ? መቅደላን አስቡ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ መቅደላ አወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ያ ሁሉ መጽሐፍ በአንድ ቦታ ተገኘ። 350 ገደማ የሚሆነው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትን ለማስመለስ በ1864 ዓ.ም ደብዳቤ መጻፍ ነበረባቸው፤ አንድ ቅጂም ተመለሰ። እኛ ከተማ ደብረ ታቦርም ብትሆን በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ ተቃጥላለች። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር አንድ ቀን ይበቃዋል።

ቅርቡንም ታውቁታላችሁ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ኖረናል። በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ ያለ መጽሐፍ ያን ጊዜ ለጉና ሥር ተማሪ ምን ይረባዋል? ጊት ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በፍላሽ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል፤ ሲገናኙ ይዋሃዳል።

የመማሪያ መጻሕፍታችንንም ተመልከቱ። በ1966 አብዮት መጣ፣ በ1983 መንግሥት ተለወጠ፤ የታሪክ ትምህርቱም አብሮ ተቀየረ። አዲሱ መጽሐፍ ከአሮጌው ምን እንዳወጣና ለምን እንዳወጣ ለተማሪው አይነግረውም። ብራናው ቢያንስ ፍቀቱን ያሳይ ነበር።

ግን መድኃኒት አድርጌ እንዳልሸጥላችሁ። ለውጥን መመዝገብ እውነትን ማወቅ አይደለም፤ መሣሪያው ማን ምን እንዳለ ይይዛል እንጂ ማን ልክ እንደሆነ አያውቅም። ጊት ውስጥም የኋላውን ታሪክ መቀየር ይቻላል፤ እያንዳንዱ እርማት ከቀዳሚው ጋር በቁጥር ስለታሰረ ግን ቅጂ ያለው ሰው ያውቅበታል። ለአማርኛ ደግሞ «ሠ»ን በ«ሰ» ብትቀይሩት እንደ ትልቅ ለውጥ ይቆጥረዋል። አንቀጹን ሁሉ በአንድ መስመር ከጻፋችሁትም አንድ ፊደል ሲነካ አንቀጹ በሙሉ የተለወጠ ይመስላል፤ ስለዚህ አራት ነጥብ ባለበት ሁሉ መስመር መውረድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ስም ነው። በክፉ ቀን እያንዳንዱ መስመር ከነጸሐፊው ስም መያዙ ጸሐፊውን ሊያስበላው ይችላል። ያ ሦስተኛው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስሙ ባይታወቅም ሥራው ደርሶናል። በብዕር ስም መጻፍ ነውር የለበትም።

ሐሳቤ ይህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የታሪክ ክበባት አንድ ፎልደር ይጀምሩ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል እንዴት ተሠራ፣ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን እንዴት ቆረቆሯት፣ ጉና ሥር የየቀበሌው ስም ከየት መጣ፤ አባቶችና እናቶች የሚሉትን ከነልዩነቱ እንጻፈው። ሁለት ሽማግሌ ሁለት ነገር ቢሉ አንዱን አንፋቀው፤ «አንድም» ብለን እናስቀምጠው። ፕሮግራም የምትችሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ መሣሪያውን በማዘጋጀት አግዙን፤ አያት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ። ሶፍትዌሩ ይጠብቀናል፤ እነሱ ግን አይጠብቁንም።

ቸር እንሰንብት።