የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና በአሜሪካ

ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ለብሩክሊን ማተሚያ ቤት የነደፈው መሣሪያ የታሰበው ለሰው ምቾት ሳይሆን እርጥበት ለሚያበላሸው ወረቀት ነበር። ማቀዝቀዣው መኖሪያ ቤቶችን በስፋት ያዳረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ጠጋኙም ተከትሎት መጣ። ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ፍሪዮን የተባለው ጋዝ መርዝነቱ አነስተኛ፣ የማይቀጣጠልም ስለነበር ለቸልተኝነት አመቸ፦ የሚያፈሰውን ቦታ ሳይፈልጉ ሞልቶ መሄድ። ቤቱ ለጊዜው ይቀዘቅዛል፤ ጋዙ ሲያልቅ ባለቤቱ ያንኑ ሰው ይጠራል። ቱቦው ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ካልወጣ ደግሞ አሲድ ፈጥሮ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ ጥፋቱን በጠጋኙ ላይ ማረጋገጥ ይከብዳል።

መንግሥትን ያነቃው የደንበኞች እሮሮ ሳይሆን ጋዙ ያስከተለው የኦዞን መሳሳት ነው። ኦዞንን ለመጠበቅ ከተደረገው ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ፣ በ1992 ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ተከለከለ፤ ከ1994 ጀምሮም ጠጋኞች የምስክር ወረቀት ግዴታ ሆነባቸው። የሚያፈስ የቤት ማቀዝቀዣን ዳግም መሙላትን ግን ሕጉ አልከለከለም።