ቀልብን መመዘን፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ እስከ ኤዲኤችዲ ምርመራ

በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሪን ቀልብ የሚመዝኑት መምህሩ ነበሩ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን ካደራጁ ወዲህ ሐይቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶች የተማሩበት ታላቅ ጉባኤ ሆነ። በአብነት ትምህርት የጽሑፍ ፈተና የለም። ንባቡ ቀን በመጽሐፍ ይሄዳል፤ የቃል ትምህርቱ ግን ማታ ያለ መብራት ይሰጣል። መምህሩ አንድ ሐረግ ይሰጣሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል፤ ከሳተ እንደገና ይጀምራል። ልቡ የሸፈተ ልጅ በጨለማም አይደበቅም። በአካባቢው የቁርኣን ቤቶችም ደረሳው በሉህ የጻፈውን ሼኁ ፊት በቃሉ ካልወጣው ሉሁ ታጥቦ አዲስ አይጻፍበትም።

ከሁሉ ጎልቶ የሚነገረው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ታሪክ ነው። ዛሬ ደቡብ ወሎ ከሚባለው ምድር በልጅነታቸው ወደ ሐይቅ የገቡት አባ ጊዮርጊስ፣ ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባ አላቸው። መምህራቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ አባታቸው ቢመልሷቸው፣ አባትየው ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው እንደማይወስዱ፣ ካልተማረም ገዳሙን እንዲያገለግል ተናገሩ። ልጁ እህል እየፈጨ፣ ባልንጀሮቹ እየዘበቱበት ቆየ። በኋላ እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣቻቸው ይላል ትውፊቱ፤ መጽሐፈ ሰዓታትና አርጋኖን የእርሳቸው ድርሰቶች ናቸው፤ መጽሐፈ ምሥጢርንም በ1424 እ.ኤ.አ. ፈጸሙ። ለአንድ ቅዱስ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የሕክምና ስም መለጠፍ አይገባም። ታሪኩ የሚያሳየው የዘመኑን ምዘና ነው፦ ያልገባው ተማሪ ወይ ወደ ቤቱ ይሸኛል፣ ወይ ወደ ወፍጮው ይሄዳል። አባ ጊዮርጊስን ከጉባኤው ደጅ ያቆየው የአባታቸው እንቢታ ነው።

ቀልብ ማጣት ምክንያቱ ቡዳ፣ መተት ወይም ዛር ነው ይባል ስለነበር መፍትሔውም ጠበልና ጸሎት ነበር። የአብነት ተማሪዎች የዓይነ ልቡናን ጸሎት ይደግሙ ነበር፤ አንዳንዶች አእምሮ ይከፍታል ብለው አብሾ ይጠጡ ነበር። አብሾ የሚዘጋጅበት፣ አጤ ፋሪስ የሚባለው ዕፅ ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም የማስታወስ ችሎታን የሚያዳክም፣ ሲበዛም የሚያቃዥና የሚገድል ነው። ዕውቀት የተራበ ልጅ ያንን መጠጣቱ እጅግ ያሳዝናል።

በአውሮፓ ሐኪሙ አሌክሳንደር ክራይተን በ1798 እ.ኤ.አ. ትኩረት ማጣትን እንደ በሽታ ጻፈ፤ ሐኪሙ ጆርጅ ስቲልም በ1902 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ችግር ስላለባቸው ሕፃናት ንግግር አደረገ። ችግሩ ለረጅም ጊዜ ከልጅነት ጋር የሚያልፍ ተደርጎ ይታይ ነበር። በአዋቂነት እንደሚቀጥል መታወቅ የጀመረው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የቅብጥብጥነት ችግር) የሚለው ስያሜም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የገባው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ዘግይቶ ነው የተስፋፋው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቋመ፤ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በ1987 እ.ኤ.አ.፣ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው የአእምሮ ሕክምና ከሚገኝባቸው አንዱ ደሴ ሆስፒታል ነው፤ እርሱም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፎ ነበር።

የአዋቂ የኤዲኤችዲ ምርመራ በደም ወይም በራጅ አይደረግም፤ መሣሪያው ጥያቄ ነው። ሥራ ጀምሮ መተው፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ዕቃ መጣል፣ ወረፋ መጠበቅ አለመቻል፣ ሰው ሳይጨርስ ጣልቃ መግባት ይጠየቃሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ዕድሜው 17 የሞላ ሰው በትኩረት ማጣት ወይም በቅብጥብጥነት በኩል ከተዘረዘሩት ዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱን ማሳየት አለበት፤ ይህም በቤትም በሥራም መታየትና ኑሮውን ማወክ ይኖርበታል። ሐኪሙ ድብርትን፣ ጭንቀትን፣ የእንቅልፍ ማጣትን፣ የእንቅርት ሕመምንና የጫት ሱስን ይለያል።

ከባዱ መስፈርት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን ማረጋገጥ ነው። እናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም የቀድሞ መምህር ስለ ልጅነቱ ይጠየቃሉ፤ የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ይታያል። የቄስ ትምህርት ቤትና ቁርኣን ቤት ካርድ አይሰጡም፤ የኔታም ሆኑ ሼኁ ግን ልጁን በየቀኑ በቃል ሲያስወጡት ስለኖሩ ምስክርነታቸው ከማንኛውም ወረቀት አያንስም። ችግሩ ከተረጋገጠ ትኩረትን የሚያግዝ መድኃኒት፣ ምክርና የሥራ አደረጃጀት ልምምድ ይሰጣል።