የመለየት ወሰን፦ የሆንግ ኮንግና የሲንጋፖር የመንገድ ክፍያ ሥርዓቶች

ተሽከርካሪን በራስ-ሰር የመለየት ቴክኖሎጂ የሚባለው መኪናው መቆም ሳያስፈልገው ማንነቱ በመሣሪያ የሚታወቅበት ዘዴ ሲሆን፣ በመኪናው ላይ ከተገጠመ የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ ጋር መልእክት በመለዋወጥ ወይም ሰሌዳውን በካሜራ አንስቶ በኮምፒውተር በማንበብ ይሠራል። የመጨናነቅ ክፍያ በማስከፈል ረገድ የቴክኖሎጂው ዕጣ የተወሰነው ግን በመለየት ብቃቱ ሳይሆን፣ ስለሚያልፈው መኪና ምን ያህል እንዲያውቅ በተፈቀደለት ልክ ነው።

ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1985 ባካሄደችው ሙከራ ወደ 2,500 በሚጠጉ መኪኖች ሥር የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተገጥሞ፣ ከአስፋልቱ በታች የተቀበረ የሽቦ ቀለበት የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር ያነብ ነበር። በቴክኒክ ረገድ ሙከራው የተሳካ ነበር። ይሁን እንጂ ክፍያው እንደ ስልክ ሂሳብ ተጠራቅሞ ለባለቤቱ እንዲላክ የታሰበ በመሆኑ፣ ማን፣ መቼና የት እንዳለፈ በማእከል መመዝገብ ግድ ሆነ፤ ከተማዋ ወደ ቻይና እንድትመለስ ስምምነት በተፈረመበት በ1984 ደግሞ፣ መዝገቡ ነገ በማን እጅ ይገባል የሚለው ሥጋት እንደ ተራ ጥርጣሬ የሚታለፍ አልነበረም። የመኪና ግብር ጭማሪ መጨናነቁን አስቀድሞ ማቅለሉ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዕቅዱ በሕዝብ ተቃውሞ ተተወ።

ሲንጋፖር ከ1975 ጀምሮ በመስታወት ላይ በሚለጠፍ የወረቀት ፈቃድና መንገድ ዳር ቆመው በሚመለከቱ ሠራተኞች ስትሠራ ከቆየች በኋላ፣ በ1998 ወደ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ ስትሸጋገር የሆንግ ኮንግን አሠራር ገለበጠችው። አሽከርካሪው ገንዘብ የተሞላበትን ካርድ መኪናው ውስጥ ባለው መሣሪያ ላይ ይሰካ ነበር፤ ከመንገዱ በላይ በተዘረጋው ማማ ሥር ሲያልፍ ሂሳቡ ወዲያው ይቆረጥ ነበር፤ ካሜራው ሰሌዳውን ይፈልግ የነበረው ካርዱ ሲጎድል ወይም ገንዘቡ ሲያልቅ ነበር። ስለዚህ ለከፈለ ሰው ወርኃዊ ሂሳብ የሚላክበት፣ ለዚያም ሲባል የጉዞ ዝርዝር የሚቀመጥበት ምክንያት አልነበረም፤ ብልሃቱ ከምሕንድስና ይልቅ የአስተዳደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2003 ሥራ የጀመረው የለንደን ሥርዓት በካሜራ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ከፋዩንም ያልከፈለውንም ሳይለይ ያነሳል፤ በዚህም ምክንያት የሲንጋፖር መሣሪያ በአሠራሩ ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ፣ የከፈሉትን መኪኖች ምስል በማጥፋት ደንብ መተካት አስፈልጎታል።

ሲንጋፖር ራሷ ከ2023 ጀምሮ የቆየውን መሣሪያ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት በሚያገኝ አዲስ መሣሪያ መተካት ይዛለች። ይህ መሣሪያ ማማ በሌለበትም ቦታ መኪናው የት እንዳለ ማወቅ ስለሚችል፣ በሆንግ ኮንግ የተነሳው ጥያቄ ካርዱ ለዓመታት አስታግሶት በቆየባት ከተማ እንደገና የሚነሳበት በር ተከፍቷል።