የካርቱም ብረት ድልድይ

የእንግሊዞች ባቡር የኑቢያን በረሃ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1899 ማብቂያ ዓባይ ዳር ደረሰ። ካርቱም ከማዶ ትታያለች፤ ሐዲዱ ግን ባሕሪ በምትባለው ሰሜን ካርቱም ላይ አበቃ። ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መንገደኛውም ዕቃውም ከባቡር እየወረደ በጀልባ ይሻገር ነበር።

ድልድዩን የሠራው የዳርሊንግተኑ ክሊቭላንድ ብሪጅ ኩባንያ ነው። በ1905 የተመረቀው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይም የእሱ ሥራ ነው፤ እዚያ ግን ከገደል ገደል በአንድ ቅስት ሲሻገር ውኃ አልነካም። ካርቱም ላይ እግሮቹን ወንዙ ውስጥ መትከል ነበረበት፣ ወንዙም ዓባይ ነው። በበጋ ጎድሎ አሸዋው ይታይ የነበረው ዓባይ፣ ነሐሴ ላይ የደጋችንን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይደርስ ነበር። ያንን ሙላት ክረምት ከክረምት ችሎ የቆመ ዓምድ ለእኔ ከካርቱም ቤተ መንግሥት ይበልጣል።

ሥራው ከ1907 እስከ 1909 ፈጀ። 7 ትልልቅ የብረት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ የሚነሳ ክፍልም ተሠርቶለት ነበር። በደርግ ዘመን የተሰደድን ሐበሾች ካርቱም ውስጥ ዴም ሰፈር አድረን ለሥራ ወደ ባሕሪ ስንሄድ በእግረኛው መተላለፊያ እንሻገር ነበር። ባቡር ሲገባ እጄን ብረቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ንዝረቱ ከእግር ሥር ተነሥቶ ክንድ ድረስ ይሰማል። ይህም በጠዋት ነው እንጂ፣ ከቀትር በኋላ ብረቱ ግሎ እጅ አያስነካም።

ድልድዩ ግን ለእግረኛ ተብሎ አልተሠራም። ሐዲዱ በእሱ ላይ አልፎ ሰናር፣ ከዚያም ኮስቲ ላይ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ በ1911 ኤል ኦቤይድ ገባ፤ የኮርዶፋን ሙጫ እስከ ፖርት ሱዳን በባቡር መውረድ ጀመረ። የሰናር ግድብ በ1925 ሲያልቅ በመስኖው የለማው የገዚራ ጥጥ ተከተለ። ካርቱምን የንግድ መናኸሪያ ያደረጋት ከጦሩም ከሹመቱም ይልቅ ይህ ጭነት ነው ባይ ነኝ። ይሁንና ብዙ አልቆየላትም። በ1929 ከሰናር ተነሥቶ በገዳሪፍና በከሰላ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው ሐዲድ ሲጠናቀቅ፣ ጥጡ ካርቱምን ሳይረግጥ መሄድ ቻለ። ከመተማ ተሻግረን መጀመሪያ ያረፍንባት ገዳሪፍም የባቡር ጣቢያ ያገኘችው በዚሁ መስመር ነው።