ስማችንና ዕድሜያችን በየመዝገቡ ለምን ተለያየ?



አባቴ ካረፈ በኋላ የመቃብሩን ድንጋይ ለማስጻፍ እዚሁ ሃድራ ቤታችን ተሰብስበን ነበር። አጎቴ ወረቀቱን አየና «ታላቁ እኔ ነኝ፤ ይህ ግን እሱ በሦስት ዓመት ይበልጥሃል ይላል» አለ። በአባቴ ተዑዳት ዜሁት የተጻፈው 1942፣ በአጎቴ ደግሞ 1945 ነው። የቤተሰብ ስማቸው ይለያያል፤ የእናታቸው ስም እንኳ ሁለት ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ እንግዳ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው አይልም።

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ይህን የመሰለ ጉዳይ ደጋግሞ ይገጥመኛል። ሰው ግን የዋሸ መስሎት ያፍራል። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ምክንያት አለው።

መጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል አልነበረም። አጎቴ በሱዳን በኩል አልፎ በ1984 በዘመቻ ሙሴ ሲገባ የአባቱን ስም አስመዘገበ። አባቴ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን እኔን ሕፃኗን ይዞ ሲመጣ ደግሞ የአያቱን ስም ሰጠ። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የገባው፤ ማን ከማን ጋር ያመሳክር? የሴት አያቴ ስም ሁለት የሆነው ደግሞ ሙሽራ ሳለች አማቷ ሌላ ስም ስላወጣችላት ነው። አንዱ ልጅ የትውልድ ስሟን፣ ሌላው የሙሽርነት ስሟን አስጻፈ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። አጎቴ የተወለደው በኅዳር 1938 ነው፤ 7 ሲደመር 1945 ይሆናል፤ በትክክል ተመዝግቧል። የአባቴ 1942 ግን ሳይደመርበት የገባ የኢትዮጵያ ዓመት ነበር።

ይህን ያረጋገጡልን ታላቅ እህታቸው ናቸው። «እሱ ጣሊያን በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በአጨዳ ተወለደ። አባትሽ ግን በሰኔ ነው፤ ያን ጊዜ ታላቁ ጥጃ መጠበቅ ጀምሯል» አሉን። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ አምስት ሲጨመር 1938። አባቴም የተወለደው በሰኔ 1942፣ ማለትም በ1950 መሆኑ ተገለጠልን። ሰባት ቤት ሲቆጥሩልን ደግሞ የሁለቱ ወንድማማች የቤተሰብ ስም በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ተከታትሎ መጣ።

ስም ራሱም ምስክር ነው። ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ የተባለ ልጅ ካለ፣ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በየትኛውም ወረቀት ያልተጻፈ ልጅ በዚህ ይገኛል።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሃድራን በ1891 የመሠረቱት አይሁዳውያን ብዙዎቹ የመጡት ከሩሲያ ግዛት ነው። በዚያ ዘመን የሩሲያ ቀን መቁጠሪያ ከአውሮፓው በ12 ቀን ወደ ኋላ ይቀር ነበር። የእነርሱም የልጅ ልጆች ቀን ያመሳክራሉ።

አዲስ የገባችሁ ወገኖች፣ ከቀበሌ ያመጣችሁትን ወረቀት አትጣሉ። አሮጌው ስም በአዲሱ ተተካ ብላችሁም አትሰርዙ። በአንድ ደብተር ላይ ስሙን ሁሉ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማን እንደ ነገራችሁ ጭምር ጻፉ። ነገሩ ለታሪክ ብቻ አይጠቅምም፦ ዕድሜው ዝቅ ብሎ የተመዘገበ አባት በመዝገቡ 67 እስኪሞላው የጡረታ መብቱ ይዘገይበታል። በ1963 የወጣው የዕድሜ መወሰኛ ሕግ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሰምቶ ዕድሜ እንዲወስን ያስችላል። ለዚህም የሽማግሌ ምስክርነት በሕይወት ሳሉ መያዝ አለበት።

በአባቴ ድንጋይ ላይ 1950 ብለን አስጻፍን፤ 1942ን ደግሞ ከነምክንያቱ በደብተራችን አኖርነው። አጎቴም ታላቅነቱ ተመለሰለት። አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድ ዓመት ዘግይተን ቢሆን የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።