ሽቦው ስንት ይገታል?

አንድ ወዳጄ አሜሪካ ላለ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ሱቅ የተረጎመውን የመመሪያ ወረቀት «አንዴ እይልኝ» ብሎ ላከልኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ከመጠቀምዎ በፊት የጥቅልሉን ተቃውሞ ያረጋግጡ» ይላል። ጥቅልሉ ማንን ነው የሚቃወመው? ሰልፍ ወጥቶ ይሆን?

ይህን የጻፈ እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። «የኮይል ተቃውሞ» ግን በቪዲዮ ማብራሪያዎችም መሰማት ጀምሯል፤ እዚህ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የዕቃውን ሽያጭ ቢከለክልም ቃሉን የሚያግድ ኬላ የለም።

ነገሩን አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ባትሪ ትንሽ ሽቦ ያግላል፣ ሽቦው በጥጥ የተያዘውን ፈሳሽ ያተንናል፣ ሰውየው ተኑን ይምጋል። የሚቃጠል ነገር ስለሌለ «ማጨስ» ማለቱ ራሱ ልክ አይደለም፤ ጭስ ከእሳት ነው የሚወጣው። «ተን መማግ» ብንል ይበቃል። ለዕቃው ፍቅር ያለው ግን ሽቦውን ራሱ ይጠመጥማል፣ ባትሪ ከመግጠሙም በፊት በኦም ሜትር ይለካዋል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ሽቦው 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፒር ያልፍበታል፤ 0.1 ኦም ከሆነ ግን 42 አምፒር። ይህን የማይችለው ባትሪ ብዙ ነው፤ ይግላል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ሽቦው ሌላ ነገር አይደለም፤ በቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ሥር ተጠማዝዞ የተኛው ሽቦ ታናሽ ወንድም ነው።

ታዲያ ያንን የሚለካውን ነገር ምን እንበለው?

«ተቃውሞ» ከቆመ ሥር የወጣ ነው፤ ፊት ለፊት መቆም። ሐሳብ ያለው ፍጡር ይፈልጋል። «ተቋቋሚነት» ያሉም አሉ፤ ችግሩ ድርጅትም ማኅበርም «ይቋቋማል»፣ ሽቦው ፈቃድ አውጥቶ የተመሠረተ ይመስላል። ሐኪሞቻችን ይህንኑ «ሬዚስታንስ» የሚለውን የፈረንጅ ቃል ሲያገኙ ብልህ ነበሩ፤ ጀርሙ መድኃኒቱን «ተላመደ» አሉ፣ የሚሆነውን ነገር አይተው ሰየሙት። ሽቦ ግን ምንም አይላመድም። «እንቅፋት» የሚለው ደግሞ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን እንቅፋት ድንጋይ ነው፣ አንድ ቦታ ይመታህና ያልፋል። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው ሥራውን የሚሠራው።

«ሬዚስታንስ ብለን እንተወው» የሚለኝ አይጠፋም። በተውሶ ቃል ጠብ የለኝም፤ ፍሬንና ካንዴላን ለመተካት የሚደክም ሰው ሥራ ፈትቷል ባይ ነኝ። እነሱ ግን የዕቃ ስም ናቸው። ይህኛው የድርጊትና የጠባይ ስም ስለሆነ ግስ ይፈልጋል። ከሬዚስታንስ ግስ አውጡ እስቲ! «ሽቦው ሬዚስት ያደርጋል» ከማለት የተሻለ አይመጣላችሁም።

ግሱን የሰጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ በተገኘችው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብም አገልግለዋል። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና አነበብኩላቸው። ሳቁ፣ ቀጥለው ወደ ምጽዋ ሄዱ፤ ከእሳቸው ጋር ወሬ ሁሉ ምጽዋ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ልጄ፣ የዚያ አገር ሙቀትና ጨው የሽቦ ሽፋን ይበላል። በየጊዜው ሜገር የሚባለውን መለኪያ ይዘን መርከቡን እንዞራለን። ሽፋኑ አንድ ሚሊዮን ኦም ካልደረሰ ‹ይህ ሽቦ አይገታም› እንልና ቀይረነው እንወርዳለን።»

አይገታም። ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ወይስ ሁላችሁም ነበር እንዲህ የምትሉት?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ፣ ሌላ ምን ይባላል?» አሉኝ።

ገታ የልጓም ግስ ነው። የፈረስ ልጓም ፈረሱን ሁልጊዜ አያቆመውም፤ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ በልክ ነው የሚሠራው። ኦምም የሚለካው ልክን ነው። 0.1 ኦም የላላ ልጓም ነው፣ ፈረሱ ጋልቦ ባትሪውን ይዞት ይጠፋል። ግሱም ሙሉ ቤተሰብ አለው፦ ሽቦው ይገታል፣ የኤሌክትሪኩ ጅረት ይገታበታል፣ ዕቃው ገቺ ነው፣ ጠባዩ ገቺነት። ያለ ጭንቀት «አስተላላፊ» እና «አስተላላፊነት» የምንል ሰዎች ለተቃራኒው «ገቺ» እና «ገቺነት» ማለት ሊከብደን አይገባም፤ አንዱ የሌላው ጥንድ ነው። «ገታ ማለት ማስቆም ነው» የሚለኝ ካለ ፈረስ ጋልቦ አያውቅም።

«ጥቅልል»ንም አልወደድኩትም። ጥቅልል ብራና ነው፣ ይገለጣል። ይህ ሽቦ በዘንግ ዙሪያ የተጠመጠመ ስለሆነ ጥምጥም ነው። ቄሱን ያስታውሳል የሚል ይኖራል፤ ያስታውስ፣ አጠማጠሙ ያው ነው።

ለጋሼ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2017 በባትሪ ፍንዳታ ምክንያት ቬፕን ከመርከቦቹ ላይ እንዳገደ ነገርኳቸው። ዕቃውን በሥዕል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፤ «ይህችን የምታክል? ስንት ትገታለች?» አሉ።

«ግማሽ ኦም።»

«ግማሽ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ጋ ቢሆን ምሽቱን ሙሉ ያስፈትሸን ነበር።»

ወረቀቱን ለወዳጄ «ከመጠቀምዎ በፊት የጥምጥሙን ገቺነት ይለኩ» ብዬ መለስኩለት። ሱቁ ገና አልመለሰም አለኝ።