ዩጀኒክስ

ዩጀኒክስ ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ የሚለውን በመወሰን የሰውን ዘር «ማሻሻል» ይቻላል የሚል አስተምህሮ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1883 ያወጣው የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። ጋልተን የላቀ ችሎታ በተወሰኑ ቤተሰቦች መደጋገሙን የተፈጥሮ ውርስ ማስረጃ አድርጎ ወሰደ፤ ሀብትና የትምህርት ዕድልም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ ግን ተገቢውን ክብደት አልሰጠም።

ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ሕግ ሆነ። የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት በ1907 የግዳጅ ማምከን ሕግ አወጣች። በ1927 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያን ተመሳሳይ ሕግ አጸና። በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች በእነዚህ ሕጎች መሠረት እንዲመክኑ ተደርገዋል፤ ብዙዎቹ ድሆችና የአእምሮ ሕመምተኛ የተባሉ ነበሩ። ናዚ ጀርመንም በ1933 ባወጣችው ሕግ 400,000 ገደማ ሰዎችን አምክናለች፤ ኋላም አካል ጉዳተኞችን እስከ መግደል ደርሳለች።

የዘረመል ሳይንስ የአስተምህሮውን መሠረት አፍርሶታል። እንደ አእምሮ ብቃት ያሉ ባሕርያት የብዙ ዘረመሎችና የአካባቢ ሁኔታ የጋራ ውጤት ናቸው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እንዳሳየው፣ 85 በመቶ የሚሆነው የሰዎች የዘረመል ልዩነት የሚገኘው በሕዝቦች መካከል ሳይሆን በዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነው።

የዘረመል ምርመራ ሲስፋፋ የመድልዎ ሥጋት በአዲስ መልክ ተነሥቷል። አሜሪካ በ2008 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎችና የጤና መድን ድርጅቶች በዘረመል መረጃ ሰዎችን እንዳያገሉ ከልክላለች፤ የሕይወት መድን ግን በዚህ ጥበቃ አልተካተተም። የሰዎች እኩልነት በዘረመል መመሳሰል ላይ አይመሠረትም፤ ልዩነት ቢኖርም የእያንዳንዱ ሰው መብትና ክብር እኩል ነው።